በብርድ የተጀመረ መንገድ

በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ
የንባብ ክፍል፦ ዕብራውያን 12፥1-3፤ ሉቃስ 14፥28-30

ዛሬ ስለ አንድ የእግር መንገድ ላጫውታችሁና ከዚያ ወደ ቃሉ እንገባለን።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጆርጂያ ተነሥቶ እስከ ሜይን፣ አሥራ አራት ስቴቶችን አቋርጦ የሚያልፍ የተራራ መንገድ አለ። የአፓላቺያን መንገድ ይባላል። ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በእግር ብቻ የሚኬድበት ነው። በየዓመቱ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሄደዋለን ብለው ይነሣሉ። ከአራት አንዱ ያህል ይደርሳል። የቀሩት በየመንገዱ ይቀራሉ።

እኛ ሐበሾች ይህን ስንሰማ ሳቃችን ይመጣል። አያቶቻችን ጨውና እህል ይዘው፣ በባዶ እግራቸው የሄዱት መንገድ ቢደመር ከዚህ ያንሳል ወይ? ፈረንጅ ደግሞ መኪናውን ግራዥ አቁሞ ግማሽ ዓመት በፈቃዱ በእግሩ ይሄዳል! ይሁን። ከማንም መማር ይቻላል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ከጉንዳን እንኳ ተማሩ ይለን የለ?

አሁን ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚነሡት? ብዙዎቹ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች ውስጥ ነው። ይህ ደግሞ የክረምት ማብቂያ ነው፤ ክረምት ስል የእኛን የዝናብና የጭቃውን ማለቴ አይደለም፣ የበረዶውን ነው። ሌሊት ውኃ ይረጋል። ዛፉ ሁሉ ቅጠል የለውም። ታዲያ ለምን ሙቀቱን አይጠብቁም?

መልሱ ያለው መድረሻው ላይ ነው። መንገዱ የሚያልቀው ሜይን ውስጥ ካታዲን በሚባል ተራራ ጫፍ ላይ ነው። ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ ከዚያ በላይ ከፍ ትላለች፤ ነገር ግን አገሩ ሰሜን ስለሆነ ብርዱ ቶሎ ይመለሳል። ተራራው ያለበት የባክስተር ፓርክ ተጓዦች እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ እንዲጨርሱ ያሳስባል። ከዚያ በኋላ አየሩ ይከፋል፤ ተራራው ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ተጓዡ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቆጥራል። ከኦክቶበር አጋማሽ ላይ ስድስት ሰባት ወር ቀንሱ፤ ማርች ላይ ትወድቃላችሁ። ማርች ደግሞ በጆርጂያ ተራሮች ላይ ገና ብርድ ነው። ምርጫ የለም። ሙቀት እስኪመጣ የተቀመጠ ሰው ሲነሣ ደስ ይለዋል፤ ሲደርስ ግን በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

በሐዋርያት ሥራ 24 ላይ ፊልክስ የሚባል ገዢ አለ። ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛት፣ ስለሚመጣውም ፍርድ ሲነግረው ሰውዬው ፈራ። መፍራቱ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን ለአሁኑ ሂድ፣ ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጋግሞ አስጠራው፤ አነጋገረው፤ እንደ ልቡ ግን የተመቸ ቀን መምጣቱን አናነብም። ትምህርቴን ልጨርስ፣ ወረቀቴ ይውጣ፣ ልጆቼ ይደጉ፣ ከዚህ ሰው ጋር ያለኝን ነገር ልቋጭና ከዚያ ጌታን እከተላለሁ የምትሉ፣ ፊልክስን አስታውሱት። ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 25 ስለ አሥሩ ቆነጃጅት ሲናገር፣ በሩ እንደ ተዘጋ በግልጽ ተናግሯል። የመነሻ ቀናችሁን የሚወስነው ያ በር ነው።

እዚህ አትላንታ አካባቢ ያላችሁ አሚካሎላ ፏፏቴን ታውቁታላችሁ። ከከተማው ከሁለት ሰዓት ባነሰ የመኪና መንገድ ስለሚደረስ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶች ለሽርሽር ይሄዱበታል። በፏፏቴው ጎን 604 ደረጃ አለ። ብዙ ተጓዥ ከዚያ ነው የሚነሣው። ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ገና ወደ ስፕሪንገር ተራራ ጫፍ ይጓዛል፤ በድምሩ 14 ኪሎ ሜትር ያህል። ስፕሪንገር ጫፍ ላይ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ የነሐስ ጽሑፍና የመጀመሪያው ነጭ ምልክት አለ። የሚያስገርመው ይህ ነው፦ ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ 14 ኪሎ ሜትር ከ3,500ው ውስጥ አይቆጠርም! መንገዱ የሚጀምረው ከምልክቱ ነው።

ይህን ሳስብ በአማኝ ቤት ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ፊቴ ላይ ይመጣሉ። ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረዋል። በመዘምራን ቲሸርት ፎቶ ተነሥተዋል። ጥቅስ በቃላቸው ያውቃሉ፤ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቁም አሉ። ደረጃውን ወጥተውታል፤ ደክሟቸዋልም። ግን ጌታ ኢየሱስ ለኒቆዲሞስ የነገረው ዳግም መወለድ በሕይወታቸው ገና አልሆነም። ወንድሜ፣ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሄድከው መንገድ ብዙ ሊሆን ይችላል። ከምልክቱ ጀምረሃል ወይ? እህቴ፣ የእናትሽን እምነት ሳይሆን ያንቺን ነው የምጠይቅሽ።

ደግሞ ጀምራችሁ የበረዳችሁ አላችሁ። የዛሬው ቃል በዋናነት ለእናንተ ነው።

በኮንፍራንሱ እጃችሁን አነሣችሁ። አለቀሳችሁ። ሸክማችሁ ከላያችሁ ሲወርድ ተሰማችሁ። ከዚያ ቤት ገባችሁ፤ አባት ፊቱን አዞረ። ጓደኛ ስልክ ማንሣት አቆመ። ሥራ ቦታ ቅጽል ስም ወጣላችሁ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ ደግሞ ከእመቤትሽ ተደብቀሽ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተሽ በስልክሽ ብርሃን ነው መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቢው። ያን ጊዜ ጠላት በጆሯችሁ ምን ይላል? መንገዱ ትክክል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይበርድሻል? የእግዚአብሔር ፈቃድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይከብድሃል?

ስሙኝ። በስፕሪንገር ተራራ ላይ በማርች የሚበርደው ሰው መንገድ አልሳተም። ነጩን ምልክት ይዞ፣ በትክክለኛው መንገድ ላይ፣ በትክክለኛው ወር ነው የበረደው። እስራኤልም ከግብፅ ሲወጡ በፍልስጥኤማውያን በኩል ያለው አጭር መንገድ ነበረላቸው፤ እግዚአብሔር ራሱ ነው በምድረ በዳው ያዞራቸው (ዘጸአት 13፥17-18)። ደመናው ከፊታቸው እየሄደ ነው የተጠሙት። እግዚአብሔር እየመራችሁ ሊበርዳችሁ ይችላል።

እነዚህ ተጓዦች አንድ ጥበብ አላቸው። ጠዋት ከድንኳናቸው ሲወጡ ወፍራሙን ጃኬት ለብሰው መንገድ አይጀምሩም። ትንሽ እየበረዳቸው ይነሣሉ። ለምን ቢባል፣ ለብሶ ዳገት የጀመረ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ላብ በላብ ይሆናል፤ ልብሱ ይርሳል፤ ሲያርፍ ያ ላብ በላዩ ላይ ይቀዘቅዛል። ጃኬቱ የሚወጣው ማታ፣ ሲያርፉ ነው። በተለይ ጥጥ አይለበስም። ጋቢ ታውቃላችሁ፤ ደርቆ ሳለ እንደ ጋቢ የሚሞቅ የለም፤ ከራሰ ግን እንኳን ሊያሞቅ ያለውን ሙቀት ከሰውነት ይወስዳል። እነዚህ ሰዎች ከደረቅ በረዶ ይበልጥ የሚፈሩት ሁለትና ሦስት ዲግሪ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው። በረዶ ይራገፋል፤ ዝናብ ይዘልቃል።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እሳት እወዳለሁ። በልሳን መጸለይን፣ ሌሊቱን ሙሉ ማምለክን፣ እጅ ጭኖ መጸለይን አልተውኩም፣ አልተውምም። ግን በስሜት ሙቀት ብቻ ዳገት የጀመረ አማኝ ማክሰኞ ላይ ሲቀዘቅዝ አይቻለሁ። እሁድ ያላበን ላብ ማክሰኞ ይበርዳል። እኛ አገልጋዮች ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ለጀማሪ እናጨበጭባለን፣ ሃሌሉያ እንላለን፣ ስሙን መዝገብ ላይ እንጽፋለን፤ እንዴት እንደሚሄድ ግን አናስተምረውም። በየቀኑ ቃሉን ማንበብ፣ ስሜት ባይኖርም መጸለይ፣ ሳይመች ጉባኤ መገኘት፤ እነዚህ ያለ ጃኬት የሚኬዱ ጠዋቶች ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሮጥም አይገባም። ልምድ ያላቸው ለጀማሪ የሚመክሩት በቀን 13 ወይም 16 ኪሎ ሜትር ነው። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፤ ጅማትና አጥንት ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። ጉልበቱን አምኖ በመጀመሪያው ሳምንት 30 እና 35 የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ በጉልበቱ ሕመም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትናንት ጌታን የተቀበለውን ልጅ ዛሬ መድረክ ላይ የምናወጣ ይህን እንስማ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን እውነታቸውን ነው።

ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ አንድ ቦታ አለ። መጀመሪያ ብለድ ማውንቴን ይወጣሉ፤ የደም ተራራ ማለት ነው፤ በጆርጂያ ውስጥ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ነው። (በስሙ ላይ ብቻ አንድ ስብከት ይወጣዋል፤ ዛሬ ልለፈው።) ወርደው ኒል ጋፕ ሲደርሱ አስፋልት አለ፣ አስፋልቱ ዳር ከድንጋይ የተሠራ አሮጌ ቤት አለ። የእግር መንገዱ የሚያልፈው በዚህ ቤት ጣሪያ ሥር ነው። ቤቱ የተጓዥ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ደጁ ላይ የነበረው ዛፍ ግን ከሩቅ ሲያዩት ያስደነግጥ ነበር፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ጫማ ነበር የተንጠለጠለው። ተጓዦች የተዉት ጫማ።

በዚህ ቤት ሻንጣ ይፈታል። የሱቁ ሰዎች ይመዝኑታል፣ ከዚያ ዕቃው አንድ በአንድ ይወጣል። መጥረቢያ። የብረት ድስት። ሦስተኛ ሱሪ። የአሥር ቀን ምግብ። ወፍራም መጽሐፍ። ባለቤቱ ከአራት አምስት ቀን በፊት እያንዳንዱን ያስፈልገኛል ብሎ በጥንቃቄ ያስገባው ነው። ሰው ደግሞ የሚፈራውን ነው የሚሸከመው፤ ረሃብ የሚፈራ ምግብ ያበዛል፣ ጨለማ የሚፈራ ሦስት ባትሪ ይይዛል። አሁን ትከሻው ተልጦ፣ ጉልበቱ አብጦ ሲቆም ይለያል። የማያስፈልገው በካርቶን ታሽጎ በፖስታ ወደ ቤት ይላካል። ሻንጣውን የማያቀልል ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደ ቤት ይመለሳል።

ዕብራውያን 12፥1ን እዩት። ጸሐፊው ሸክምን ለብቻው፣ ኃጢአትን ለብቻው ይጠራቸዋል። በግሪኩም ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው ኦግኮስ ክብደት ማለት ነው። ክብደት ኃጢአት ላይሆን ይችላል። የብረት ድስት ኃጢአት አይደለም! ድስቱ ቤት ቢሆን ጥሩ ወጥ ይሠራበታል። ለዚህ ዳገት ግን አይሆንም። ስለዚህ፣ ወዳጄ፣ ይህ ነገር ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም እያልክ ብቻ አትጠይቅ። እየከበደኝ ነው ወይ ብለህ ጠይቅ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት የምታየው ፊልም፣ ከሰው እኩል ለመታየት የገባህበት ብድርና ዕቁብ፣ ሠርጉ በማን ይበልጣል የሚለው ፉክክር፣ የዛሬ ስምንት ዓመት አንድ ሰው የተናገረህ ቃል። እስቲ አንድ በአንድ አውጣው። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፤ ቂም ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ የሚመዝን ዕቃ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በዚሁ ቦታ የሚሳሳቱ አሉ። በማርች መጀመሪያ ጆርጂያ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሙቀት ይመጣል። ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ይሆናል። ተጓዡ ደስ ይለውና ወፍራሙን ስሊፒንግ ባግ፣ ጓንቱን፣ ጃኬቱን ጠቅልሎ ወደ ቤት ይልካል። ከፊቱ ግን ስሞኪ ተራሮች አሉ፤ መንገዱ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣበት፣ በኤፕሪልም በረዶ የሚጥልበት ቦታ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ቨርጂኒያ ገብታችሁ ማውንት ሮጀርስን እስክታልፉ የክረምቱን ዕቃ አትላኩ ይላሉ፤ ይህ ማለት ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ሕመሙ ሲለቅቅ፣ ቪዛው ሲመታ፣ ሥራው ሲገኝ ጾሙን፣ የጸሎት ጓደኛውን፣ የጠዋት ንባቡን ጠቅልሎ የሚልክ ስንት ነው? የኤፌሶን 6 የጦር ዕቃ በፀሐይ ቀን ይከብዳል። አትላኩት።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። ብርድ ሰውን እንዴት እንደሚገድል ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ያንቀጠቅጠዋል። ቀጥሎ ጣቶቹ ዚፕ መዝጋት ያቅታቸዋል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይደናቀፋል። በዚህ ሰዓት እንዴት ነህ ብትሉት ደህና ነኝ ይላችኋል። አልዋሸም። ብርዱ የማመዛዘን ችሎታውን ወስዶበታል። እየባሰበት ሲሄድ ደግሞ መንቀጥቀጡ ይቆማል። የማያውቅ ሰው ተሻለው ብሎ ይደሰታል። እየሞተ ነው!

ሆሴዕ 7፥9 ላይ ኤፍሬም ሽበት እንደ ወጣበት ራሱ እንዳላወቀ ተጽፏል። ሶምሶንም እግዚአብሔር እንደ ተለየው አላወቀም። መጀመሪያ ውሸት ስትናገር ልብህ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያውን ጉቦ ስትቀበል ሌሊቱን አልተኛህም። የዚያች ሴት መልእክት ስልክህ ላይ ሲመጣ እጅህ ይርድ ነበር፤ አንተ ባለ ትዳሩ፣ ለአንተ ነው የምናገረው። አሁን አይንቀጠቀጥም። ሰላም አገኘሁ ብለህ ይሆናል። መንቀጥቀጥ የቆመበት ሰው አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ይህ ሰው ራሱን ማዳን አይችልም፤ ሌላ ሰው ሊያየው ይገባል። ለዚህ ነው በዚህ ወቅት ብቻውን የሚሄድ ሰው አደጋው የሚበዛው። ጓደኛው እርጥቡን ልብስ ያወልቅለታል፣ ደረቅ ያለብሰዋል፣ ንቁ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ትኩስ ጣፋጭ ነገር ያጠጣዋል፣ አጠገቡ ሆኖ እርዳታ ይጠራል። ለምን ጃኬትህን አልለበስክም ብሎ አይሰብክለትም። 1ኛ ነገሥት 19ን አንብቡ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን እየለመነ ሲተኛ፣ መልአኩ መጥቶ ዳሰሰው፤ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው፣ መንገዱ ረጅም ነውና። ጥያቄው የመጣው ከአርባ ቀን በኋላ፣ ኮሬብ ላይ ነው። በልቶ፣ ተኝቶ፣ ተጉዞ ከደረሰ በኋላ። እኛ ግን የወደቀ ወንድም ስናገኝ ጥያቄውን እናስቀድማለን፤ እንጎቻውን ደግሞ ጭራሽ እንረሳዋለን።

ለአገልጋዮች አጭር ቃል አለኝ። ተጓዦች ከምንጭ የቀዱትን ውኃ የሚያጣሩበት ትንሽ ማጣሪያ አላቸው፤ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች ናቸው። አንዴ ከረጠበ በኋላ ሌሊት ብርድ ካገኘው ውስጡ ይሰነጠቃል። ከውጭ አይታወቅም። ውኃውም ይወርዳል፣ ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ግን አይጣራም፤ የጠጣው ይታመማል። ስለዚህ ተጓዡ ማታ ማጣሪያውን እቅፉ ውስጥ ከቶ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይተኛል። ወንጌላዊ፣ ዘማሪ፣ መጋቢ፣ አንደበታችን መፍሰሱን አላቆመም። ሌሊት የት ነው የሚያድረው?

በማርች 1990 ዓለም የሚያውቀው አንድ ሰው ይህን መንገድ ጀመረ። ቢል ኧርዊን ይባላል። ዕድሜው ሃምሳ ሊሞላ ነበር። ዓይነ ስውር ነው። ለብዙ ዘመን የመጠጥ ባሪያ ሆኖ ኖሮ በጌታ ነጻ የወጣ ክርስቲያን ነው። ኦሪየንት የሚባል መሪ ውሻውን ይዞ ተነሣ። ነጩን ምልክት አያየውም። ካርታ አያነብም። በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ወደቀ፤ ድንጋይ ላይ፣ ሥር ላይ፣ ጅረት ውስጥ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ስምንት ወር ከምናምን ሄዶ፣ ጨረሰው፤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሄደ የመጀመሪያው ዓይነ ስውር ሆነ። ከአራቱ ሦስቱ ዓይን እያላቸው ሲቀሩ ማለት ነው። ምሳሌ 24፥16 ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል ብሎ አያቆምም፤ መነሣቱንም ይናገራል። ወድቄአለሁና አበቃልኝ የምትል፣ ኧርዊን ስንተኛው ላይ ማቆም ነበረበት?

አሁን ይህን ወረቀት ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ካልጀመራችሁ፣ ያላችሁበት ቦታ ላይ ሆናችሁ ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችሁ እንደ ሞተና እንደ ተነሣ በልባችሁ አምናችሁ በአፋችሁ መስክሩ። የጀመራችሁና የበረዳችሁ ደግሞ የአንድ አማኝ ስልክ ቁጥር ፈልጉና ዛሬ ማታ ደውሉለት። ደህና ነኝ አትበሉት።

እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ ብርድ ላይ ያለውን ልጅህን ታየዋለህ። መንቀጥቀጥ የተወውን ልብ በመንፈስ ቅዱስህ እንደገና አንቀጥቅጠው። ብቻዋን ለምታነበው እህቴ በዚያ ቤት ውስጥ አጠገቧ ሁንላት። ስልክ ለሚደወልለት አማኝ የሚሰማ ጆሮ፣ የሚሰጥ እንጎቻ ስጠው። በር ሳይዘጋ ሊነሡ የሚገባቸውን ዛሬ አስነሣቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።